የ1981 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየአለንበት እንዴት እንደተሰባሰብን

በ1981 ዓ.ም. ደሴ ላይ አብረን ማትሪክ የተፈተንን ልጆች ዛሬ አምሳዎቹን አጋምሰናል። ከዓመታት ወዲህ የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ሆኖ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን «አለህ?»፣ «አለሁ» ተባብለን እንለያያለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደድን፤ ከተመለስንም በኋላ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ የማናውቀው ሰው በዛ። ያን ጊዜ ነው ሳንቀባበር አንድ ቀን በደህና እንገናኝ ብዬ ሥራውን የያዝኩት። እንዴት እንደሠራነው የምጽፈውም ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

የተማርንበት ወይዘሮ ስሂን ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ስለሆነ የዘመናችንን መዝገብ ከሰው እጅ መፈለግን መረጥን። ደግነቱ የክፍላችን አለቃ የነበረው ጓደኛችን አንድ የስም መጥሪያ ቅጂ ከመጽሐፎቹ ጋር አስቀምጦ ኖሯል። ዝርዝሩ ከተገኘ ሰው ማግኘት ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚጠራበት ስም ይለወጣል። አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሐጂ፣ አንዱ ሻምበል ሆኗል፤ በሰፈሩ ሰው አፍ ውስጥ የትምህርት ቤት ስሙ የለም። ቴሌግራም ያገኘልን በውጭ አገርና በአዲስ አበባ ያሉትን ነው። ደሴና ዙሪያውን ግን ያገኘልን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ነው። ከሰኞ ገበያ እስከ ሸዋ በር፣ ከቧንቧ ውሃ እስከ ኩታበር የቅሬ ዳኞችንና ጸሐፊዎችን ስንጠይቅ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን መቼ እንደተቀበረ ሳይቀር ነገሩን።

ሴቶቹን ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል። አብረውን ከተማሩት ብዙዎቹ በሰፈራቸው የሚታወቁት በልጃቸው ስም፣ «የእገሌ እናት» እየተባሉ ነው። ወደ ዐረብ አገር ከሄዱት መካከልም ፓስፖርት ሲያወጡ ስም የለወጡ አሉ። ስለዚህ ፍለጋውን አብራን ለተማረች፣ በጤና ጣቢያ ነርስነት ዕድሜዋን ለፈጀች እኅታችን ሰጠናት፤ እሷ እኔ የማልገባበት ጓዳ ሁሉ ትገባለች። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ሴት አብራው እንድትመራ ያድርግ።

ቀኑን መቁረጥ በወሎ ራሱን የቻለ ምክር ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በየካቲት የሚገቡ ስለነበሩ፣ ከጥምቀት በኋላ ያለ የጥር ቅዳሜ መረጥን፤ ዓርብ ለጾመኛውም ለጁምዓውም አይሆንም። እርዱ እንደ አገራችን ልማድ የእስላሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ተዘጋጀ፣ ቡናው ግን አንድ ላይ ተፈላ። መዋጮውን በቀን ሥራ የሚተዳደረው ጓደኛችን ሳይጨነቅ ሊከፍለው በሚችለው ልክ ቆረጥንና ከዚያ በላይ መስጠት ለሚፈልግ ሌላ ሣጥን አዘጋጀን፤ ማን ስንት እንደጨመረም በአደባባይ አልተነገረም። መንገዱ ስላላስተማመናቸው ከገጠር ወረዳዎች መምጣት ያልቻሉትን በስልክ ድምፅ አስገባናቸው።

በዕለቱ አንድ ሐጂና አንድ ቄስ ጓደኞቻችን በዱዓና በምርቃት ከከፈቱልን በኋላ፣ ሒሳብ ያስተማሩን አዛውንት መምህራችን መነጽራቸውን አድርገው ያን አሮጌ ዝርዝር እንደ ድሯቸው ከላይ ወደ ታች መጥራት ጀመሩ። ያለው «አቤት» ይላል። የሞተ ሰው ስም ሲደርስ ግን ምን እንደምንል አልተነጋገርንበትም ነበር። የመጀመሪያው ሟች ሲጠራ ጥቂት ዝም አልን፤ ከዚያ ከኋላ፣ ድሮ አንድ ዴስክ ይጋራው የነበረው ሰው ብድግ ብሎ «አቤት፣ እኔ አለሁለት» አለ። መምህራችንም ቀና ብለው አዩትና ምልክት አድርገው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ሰው እየተነሣ አቤት አለ፤ ከወንበሮቹም «ነፍስ ይማር» እና «አላህ ይርሐመው» እየተደባለቀ ይሰማ ነበር።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን አስቀድመን ያደረግነው አንድ ስምምነት ነው። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ሥራውንና ማዕረጉን ያስቀድማል፤ ሐኪሙና ኢንጂነሩ ሲናገሩ ጥግ ላይ የተቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ጥያቄ ብቻ እንድንመልስ ተስማማን፦ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የት ነበርህ? የት ነበርሽ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው የእኛ ዘመን ሰው የለም።

ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ብላቴ ነበር። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት ተቋርጦ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ተወስደው ስለነበር፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ከአገር ሲወጡ ካምፑ ተበተነና እሱም ከብዙዎች ጋር በእግሩ ወደ ኬንያ አመራ። ከእሱ ቀጥሎ የተነሣው ማትሪክ ሳይመጣለት ቀርቶ በአፈሳ የተወሰደው ጓደኛችን ነበር። ባቲ አካባቢ የነበረው ጦር ሲፈታ፣ ደሴ ያለችው እናቱ ዘንድ መመለስ አልቻለምና ከሚያፈገፍገው ሠራዊት ጋር በአሰብ በኩል አድርጎ ጅቡቲ ገባ። እሱ ሲጨርስ የብላቴው ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና «ውሃ በምን ነበር የያዝኸው?» ሲል ጠየቀው። «በኮዳ» አለው። «እኔም በኮዳ ነበር» አለና ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ውጤት ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ አንዱ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ ተብለው ተለያዩ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም በሁለት ድንበር ስደተኞች ሆነዋል።

አንዲት እኅታችን «እኔ አራስ ነበርሁ» አለች። ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲገባ ተኩስ እየሰማች፣ ገንፎ የምታገነፋላት ጎረቤት እንኳ መውጣት አቅቷት እንደነበር ስትነግረን፣ የእኛ የወንዶቹ ታሪክ ሁሉ መንገድ መንገድ እንደሆነና ቤት የቀረውን ሰው ጠይቀን እንደማናውቅ ገባኝ። በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ረዳት የነበረውም ተናገረ፤ በኋላ ሾፌር ሆኖ ቤት ሠራ፣ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሥራው በአንድ ቀን ቆመ፣ እንደገና ከረዳትነት ጀምሮ የጅቡቲን መስመር ለመደ። ማናችንም ማትሪክ ስንት አመጣህ ብለን አልጠየቅነውም።

ይህን ሁሉ በስልክ ቀድተናል፤ በ2014 ዓ.ም. ሰነዱንና ፎቶግራፉን ያጣ ብዙ ሰው ስላለ ቅጂውን አንድ ቤት አላስቀመጥንም፣ ሦስት ሰዎች በሦስት ከተማ ይዘውታል። በሌላው ሣጥን የተሰበሰበው ገንዘብ የኩላሊት እጥበት ለሚያደርግ ጓደኛችን መታከሚያ ይውላል። ከሴቶቹ ያልተገኙ ገና አሉ፤ ነርሷ እኅታችን ዝርዝሩን ይዛ ፍለጋዋን ቀጥላለች። የሚቀጥለውን ስብሰባ ኮምቦልቻ ለማድረግ ወስነናል፤ የደሴው ብርድና ከፍታ ልባቸውን ለሚያማቸው ጓደኞቻችን አልተስማማቸውም።