የጓዳ ትንኝ

ሸዋ ሮቢት ያሉት ዘመዶቼ ደብረ ብርሃን ትንኝ አይበቅልባትም ይላሉ። አግብቼ ወደዚህ ስመጣም አንዱ ማጽናኛቸው ይኸው ነበር፤ «ብርዱን ትለምጂዋለሽ፣ ከትንኝ ግን ተገላገልሽ» አሉኝ። እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች ትንኝ ሲባል ቶሎ የምናስበው ወባን ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እናቴ አጎበሩን ሳትዘረጋ አታስተኛንም ነበር። እውነት ነው፣ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የወባ ስጋት የለም። የጓዳው ትንኝ ግን፣ ያ በሚቦካና በሚበሰብስ ነገር ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ዝንብ፣ ብርዱ ብዙም አይገደውም። ውጭ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር፣ እሱ ከምጣዱ ጎን፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከቡሃቃው ክዳን ሥር ሙቀቱን ፈልጎ ይራባል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በ18 ዲግሪ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ደጋው ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ማኅበር ካለ ጠላ አለ፣ አማቴ ደግሞ የተገዛ ጠላ ለማኅበርተኛ አያቀርቡም። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ጓዳችን ጌሾ ጌሾ ሲሸት ከረመ። ጥንስሱ በአንድ በኩል፣ እንኩሮው በሌላ በኩል፣ ከዚያ ድፍድፉ። የእንጀራው ሊጥም እንደ ወትሮው አለ። እንግዲህ በሚቦካ ነገር የተሞላ ክፍል ውስጥ ትንኝ ለምን መጣ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እንግዳ ጠላው ውስጥ ትንኝ ሲያገኝ ምንም አይልም። በጣቱ ጫፍ አውጥቶ፣ ከወንበሩ ሥር ጠረግ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ይጠጣል። ቢናገር ይሻላል፤ ያ ዝምታ ነው ባለቤቷን መሬት ዋጪኝ የሚያሰኛት።

ባለቤቴ ነገሩን በአንድ ቀን ልጨርሰው ብሎ ፍሊት ይዞ መጣ። «ሊጥ ባለበት ቤት ፍሊት አይነፋም» አልኩት። «ክዳን አለው አይደል እንዴ?» አለኝ። ክዳኑ ላይ የሰፈረው መርዝ ነገ በእጄ ሊጡ ውስጥ እንደሚገባ እሱ መቼ ያስበዋል፤ አያቦካ! ደግሞም ፍሊት የሚያገኘው የሚበረውን ነው። የሚበረው ዕድሜውን የጀመረው እዚያው ቤት ውስጥ፣ እኛ ያላየነው እርጥብ ነገር ላይ ነው። አንዷ እንስት በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ዛሬ የበረረውን ብትገድል፣ ከሥር ያለው ተራውን እየጠበቀ ነው። ፍሊቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተገኘው ሽንኩርቱ ነው። እናቴ ከሸዋ ሮቢት የላከችልን ቀይ ሽንኩርት ከነማዳበሪያው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ ያለው ደረቅና ጤነኛ ነው። እጄን ወደ ታች ስሰድ ለስለስ ያለ ነገር ነካሁ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት በስብሶ ውኃው ወደ ሌሎቹ ወርዷል። ማዳበሪያውን ስገለብጠው ትንኙ ቦነነ። ለአንድ ራስ ሽንኩርት ያን ያህል ሠራዊት! ፓፓያውና ማንጎውም የራሱን ድርሻ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከቆላ ሲጫን የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ ካለ እንቁላሉ ላዩ ላይ ተጥሎበት በጣርማ በር በኩል አብሮ ዳገቱን ይወጣል። አሁን ፍራፍሬ ቤት ሲገባ ወዲያው ይታጠባል፣ የተጎዳው ተለይቶ በዕለቱ ይበላል።

ሁለተኛው ግን ከሽንኩርቱ ይበልጥ አስገረመኝ። ቡሃቃውን በየጊዜው አጥበዋለሁ፣ ይህን ማንም ይመሰክርልኛል። ነገር ግን ሊጥ ሲቀዳ በጎን ይንጠባጠባል፣ የተንጠባጠበው ከከንፈሩ ሥር ይደርቃል። ባትሪ ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ሥር፣ በደረቀው ሊጥ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ቀይ የጤፍ ፍሬ የተለጠፈ ነው የሚመስለው፣ መጠኑ ብቻ ከጤፍ ከፍ ይላል። በጥፍሬ ስነካው አልለቅ አለ። ቀረብ ብዬ ሳየው ጫፉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀንድ የመሰለ ነገር አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ቅርፊት ነው፣ ባለቤቱ ወጥቶ ሄዷል። ትሉ እርጥቡ ሊጥ ውስጥ በልቶ ሲጠግብ ወደ ደረቁ ጠርዝ ወጥቶ እዚያ ይሸፈናል፣ ከዚያ ነው ክንፍ አውጥቶ የሚነሣው። በቢላ ጫፍ ፍቄ በፈላ ውኃ አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ሊጥ በተቀዳ ቁጥር ጠርዙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም በዚያው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥብ የወለል መጥረጊያ ጨርቅ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ማደር ራሱ አንድ የትንኝ ቤት ነው።

ልጄ አንዷን በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አሳየን፤ ዓይኗ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሆዷ ላይ ጥቁር መስመር አላት። ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1910 ከእነዚህ ባለቀይ ዓይኖች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አግኝቶ፣ የዘር ውርስ በክሮሞሶም ላይ እንደሚተላለፍ በእሱ እንዳሳየ፣ በ1933 ደግሞ የኖቤል ሽልማት እንዳገኘበት፣ ትንኟም ጥንት የተነሣችው ከዚሁ ከአፍሪካ እንደሆነ ነገረን። አማቴ ጌሾ እየለቀሙ ይሰሙ ነበር። «ታዲያ ይህን ያህል ካከበራት ሁሉንም ወስዶ በጠበቀልን» አሉ።

ለሚበረው ደግሞ ወጥመድ ሠራሁ። ብዙ ሰው አቼቶ ነው የሚጠቀመው፣ እኔ ግን ጠላ ቤት ውስጥ ሆኜ አቼቶ ልገዛ አልሄድም። ከባለፈው የተረፈ፣ መኮምጠጥ የጀመረ ጠላ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አፈሰስኩና ላርጎ ጠብ አደረግኩበት። ትንኝን የሚጠራው የአልኮሉና የኮምጣጤው ሽታ ስለሆነ ከእርጅና ጠላ የተሻለ ማባበያ አላገኘሁም። ላርጎው ወሳኝ ነው። ያለ እሱ ትንኙ ጠላው ላይ በእግሩ ቆሞ ጠጥቶ ይነሣል። ሳሙና ሲገባበት የፈሳሹ ላይኛ ገጽ ይላላል፣ መቆም አይችልም፣ ይሰምጣል። በብርጭቆው ከንፈር ሲዞሩ፣ ቆም ብለው እግራቸውን ሲያፋትጉ፣ ወደ ውስጥ ሲወርዱ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ሥራ ፈት መባል ካለብኝ ያን ምሽት ነው። ጠዋት ታቹ ጠቁሯል። አማቴ ግን ብርጭቆውን አይተው ደስ አላላቸውም። «ለትንኝ ጠላ ይቀዳል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። «የኮመጠጠውን ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ቢኮመጥጥስ፣ ጌሾው በገንዘብ አልተገዛም?»

እሳቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው፣ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ወጥመድ የበለጠ የሠራውም እሱ ነው። ጋኑን በወይራና በጥንጁት አጥነው፣ ድፍድፉን ከተው፣ አፉን ቀዳዳ እስከማይቀረው ድረስ ይመርጉታል። እኔ ምርጊቱን ለጠላው ጥንካሬ ብቻ ነበር የማስበው። ለካስ ትንኝ ከእግሩና ከሆዱ ጋር አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ይዞ ነው የሚዞረው። ክፍት ያደረ ጠላ የሚኮመጥጠው አየር ስለገባው ብቻ ሳይሆን እነዚህ እንግዶች ስለጎበኙትም ነው። አሁን አሁን ብዙ ቤት ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ነው የሚጠመቀው። አጣጥቦ ለማስቀመጥ ይቀላል፣ አይሰበርምም። ነገር ግን በርሜል አይታጠንም፣ ክዳኑም ካልገጠመ ትንኝ ለመግባት የሚያስፈልገው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በርሜል ያለው ሰው ቢያንስ ከክዳኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን በገመድ ጥብቅ አድርጎ ይሰር።

ስለ ጭሱ ግን ከእማማ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የጥንጁት ጭስ የወባ ትንኝን እንደሚያርቅ ተመራማሪዎችም በላቦራቶሪ ፈትሸው አይተውታል። ጓዳው ሲታጠን የእኛዎቹም ይሸሻሉ። የሚሸሹት ግን ወደ ሳሎን ነው፣ ጭሱ ሲበርድ ይመለሳሉ። በነገራችን ላይ የማኅበሩ ዕለት ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ የዓለም ጉንፋን አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በየዓመቱ በዚህ ቀን የየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ዘንድሮም ግቢያችን ጠዋት በጭስ ተሸፈነ። ፌስታሉና ፕላስቲኩ አብሮ ሲነድ ግን አልወደውም፣ ሳል ነው የሚያተርፈን። የምወደው ከእሳቱ በፊት ያለውን ነው። ሰው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፣ ከአጥር ሥር የከረመው የድንች ልጣጭ፣ የበሰበሰው ጎመን፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ አተላ ሁሉ ይነሣል። የትንኙን መነሻ የሚነቅለው ያ ጠረጋ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ። የእኛ አተላ አሁን አያድርም፣ በዕለቱ ላም ላላቸው ጎረቤታችን ይሄዳል፣ እሳቸውም በምላሹ እርጎ ይልኩልናል።

ማኅበሩ በሰላም ዋለ። ጠላው ተመሰገነ፣ ዋንጫ ውስጥ ጣቱን የከተተ ሰው አላየሁም።

ከማኅበሩ በኋላም ግን የሚበር አልጠፋም። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ትንኝ አንድ እንዳልሆነ የገባኝ። አንደኛው ወገን መስኮት ሥር ካሉት የቀለም ቆርቆሮዎች ነው የሚነሣው። ውርጩ እንዳያቃጥላቸው በሶብላውንና ጤና አዳሙን ወደ ቤት አስገብቻቸዋለሁ፣ በየቀኑም ውኃ አጠጣቸው ነበር። ይህ ትንኝ ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ለጠላ ግድ የለውም፣ ወጥመዴ ውስጥም አይገባም። እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አፈር ላይ ነው። ውኃውን አሳነስኩ፣ የአፈሩ ላይኛ ክፍል ደርቆ በጣት ሲነካ አቧራ እስኪሆን አላጠጣም። እየቀነሰ ነው። በሶብላውም እንደፈራሁት አልጠወለገም።

ሌላው የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ግራጫ፣ ጸጉራም፣ ትንሽ የእሳት ራት የሚመስል፣ ግድግዳው ላይ ክንፉን እንደ ጣሪያ ከድኖ ይቀመጣል፤ ሲነኩት ትንሽ ዘለል ብሎ እዚያው ያርፋል። የሚወለደው ከወለሉ ማፍሰሻ ይሁን ከእጅ መታጠቢያው ለማወቅ ማታ ሁለቱም አፍ ላይ ስኮች ለጠፍኩ፣ የሚያጣብቀው ፊት ወደ ታች ሆኖ። ጠዋት የእጅ መታጠቢያው ንጹሕ ነው። የወለሉ ስኮች ላይ ግን ተለጥፈው አደሩ።

በረኪና ይደፋበት የሚል ምክር ከየአቅጣጫው መጥቷል። በረኪናው የቧንቧውን ግድግዳ የያዘውን ዝልግልግ ላይ ላዩን አልፎ ይሄዳል፣ ትሉ ያለው ደግሞ ከዝልግልጉ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ አቼቶ ጨምሪበት ብላኝ ነበር። ይህን ማንም እንዳያደርገው፤ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ያውም መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት። መፍትሔው ክዳኑን ፈቶ፣ እጀታው ረዘም ባለ ብሩሽ ዝልግልጉን ፍቆ፣ በፈላ ውኃ ማጠብ ነው። አከራያችን «ሽታ ከሌለው ምን አስጨነቀሽ» ብለው አልፈውኛል። ብሩሹን ገዝቻለሁ፣ የማፍሰሻው ክዳን ብሎን ግን ዝጎ አልፈታ ብሏል። ባለቤቴ ቅዳሜ ቤት ነው፤ ዘይት ጠብ አድርጌበት እየጠበቅኩት ነው።