የሚበላውን ስጠኝ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ቢባልም ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ትንሹ ተኝቷል። ትልቋ ሳሎን ወለል ላይ በሆዷ ተኝታ ፀሐይ ትስላለች። ባለቤቴ ዛሬም የሌሊት ተረኛ ናት፤ ከወጣች ሁለት ሰዓት ያህል ሆኗታል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀናችን እንደገና በሰርቪስና በቤት ሥራ ይከፋፈላል። የዘንድሮው ክረምት ከመረሳቱ በፊት እዚህ ላስቀምጠው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግቢው ጭቃ ይሆናል፤ ልጆች ቤት ይዘጋባቸዋል፤ ሞግዚቱም ቴሌቪዥን ይሆናል። ይህን ፈርቼ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ለትልቋ የማድቤት መጫወቻ ገዛሁላት። ምድጃው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ስኒዎቹ፣ ሁሉም ሮዝ ፕላስቲክ። ሦስት ቀን ተጫወተችበት። በአራተኛው ቀን ድስቱን አልጋ ሥር አገኘሁት፤ ዛሬም እዚያው ነው። ስድስት ዓመቷ ነውና ይህ የዕድሜዋ ጠባይ ነው፣ ቶሎ ይሰለቻታል ብዬ ተውኩት። ስህተቴ የገባኝ እናቴ ከመጣች በኋላ ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ልጆቹ እምዬ ይሏታል። በመጣች በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ለሌሊት ሥራ ስትዘጋጅ አይታ፣ "ይቺ ልጅ ሌሊቱን በሻይ ብቻ ነው እንዴ የምታድረው? ስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ እንሥራላት" አለችኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከምሽት እስከ ንጋት በእግሯ ቆማ ነው የምታድረው። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ይህን አስቤላት አላውቅም።

1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ነፋን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ስኳር፣ ሁለት የቡና ስኒ ዘይት። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ቅቤ አልገባበትም። ዘይቱ ከዱቄቱ ጋር በእጅ ታሽቶ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲሆን ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። እናቴ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ በዚህ ነው፤ ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ ከለሰለሰ ዳቦ ቆሎው ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቀርና በማግስቱ ይታኘካል እንጂ አይቆረጠምም። እጅ ላይም ቡሃቃው ላይም የማይቀር፣ ጠንከር ያለ ሊጥ ነው የሚፈለገው። በርበሬ የሚወድ በዱቄቱ ላይ ይጨምርበታል፤ እኛ ለልጆቹ ብለን ተውነው።

ልጄ ወንበር ስባ አጠገባችን ቆመች። እንዳትረብሸን ብዬ ከሊጡ ቆንጥሬ፣ "በይ አንቺ በዚህ ተጫወቺ" ብዬ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና መልሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ አይበላም፤ የሚበላውን ስጠኝ" አለችኝ።

ዝም አልኩ። እናቴ ግን ምንም አልደነቃትም። ስለት የሌለው ቢላ ፈልጋ ሰጠቻትና አንዱን ድብልብል ሊጥ በቀጭኑ አንከባላ አጠገቧ ዘረጋችላት። "ነይ እናቴ፣ ይሄ ያንቺ ድርሻ ነው። እንደ ሽምብራ እያደረግሽ ቁረጪልኝ" አለቻት።

ቆረጠች። አንዳንዱ ሽምብራ አከለ፣ አንዳንዱ ባቄላ፣ አንዱማ አውራ ጣቴን ያህል ነበር። አብሮ ሲቆላ ትንሹ አርሮ ትልቁ ጥሬ እንደሚሆን ስለገባኝ ላስተካክለው እጄን ሰደድኩ። እናቴ እጄን ያዘችው። "ተው ልጄ! አንተ ካስተካከልክባት እሷ ምኑን ሠራችው?" ከዚያ ሁሉንም ሰፌድ ላይ ዘርግታ ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ ለየችው። ትንንሹ ብረት ምጣድ ላይ ቶሎ ደረሰ። ትልልቁን እሳቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትሰለች እያማሰለች፣ እጥፍ ጊዜ አቆየችው። ያን ያህል ቀላል ነበር። ጥራቱን ለመጠበቅ የልጅቷን ሥራ ማፍረስ አላስፈለጋትም፤ እሳቱን ለሥራዋ አመቻቸችላት።

ባለቤቴ በክዳን ዕቃ ይዛው ሄደች። ጠዋት ስትመለስ ዕቃው ባዶ ነበር። "ትልልቆቹን ማን ነው የቆረጠልኝ? እነሱን ለማንም ሳላካፍል እኔው ጨረስኳቸው" ስትል የልጄን ፊት ማየት ነበር! ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ተረኛ በሆነች ቁጥር በር ላይ ቆማ "ስንቅሽን ያዝሽ?" ብላ ትጠይቃለች። ድምፅዋም፣ እጇን ወገቧ ላይ ማድረጓም እናቴን ነው።

ይህን ነገር ብዙ አሰላሰልኩት። እኛም ልጆች ሳለን ዕቃ ዕቃ ተጫውተናል። ከጭቃ ጀበና ሠርተናል፣ ቅጠል ከትፈን ወጥ ነው ብለናል። ግን ዕቃ ዕቃው የሚደረገው ከእውነተኛው ሥራ ጥግ ላይ ነበር። ጭቃውን ትተን ተጠርተን የተሰጣ እህል ከዶሮ እንጠብቃለን፣ እሳት ከጎረቤት እናመጣለን፣ ሽንኩርት እንልጣለን። የምንጫወተውን ነገር እውነቱን እናውቀው ነበር። የእኔ ልጆች ግን የማድቤት በር ተዘግቶባቸው የፕላስቲክ ድስት ነው የተሰጣቸው። ልጅነታችን ምቹ ነበር ማለቴ አይደለም። እህቶቼ ውኃ ተሸክመው ሲመለሱ የነበረውን አቀበት አልረሳውም፤ ያ ሸክም በማንም ልጅ ጀርባ ላይ እንዲመለስ አልፈልግም። ነገር ግን ሸክሙን ስናነሣላቸው ድርሻቸውንም አብረን ነጠቅናቸው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ማስተካከል የምችለውም በራሴ ቤት ነው።

ስለዚህ በማግስቱ ከአትክልት ተራ ሁለት የቲማቲም የእንጨት ሣጥን ገዝቼ መጣሁ። ስንጣሪ እንዳይወጋቸው በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ትንሹም በሦስት ዓመት ጉልበቱ አንድ ጎን አሸልኝ። ሁለቱን አነባብሬ በምስማር መታሁና ማድቤት ውስጥ ከልጄ ደረት በማይበልጥ ከፍታ ላይ መደርደሪያ አደረግሁት። ወንፊቱ፣ ስለት የሌለው ቢላዋ፣ ትንሽ ሳህን፣ ከአሮጌ ሸሚዜ የተሰፋላት ሽርጥ እዚያ ነው የሚቀመጡት።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖችንም በጎን ቀድደን፣ ሥሩን በጋለ ምስማር በስተን (ይህ የእኔ ሥራ ነበር) አፈርና ፍግ ሞላንባቸው፤ የሐበሻ ጎመንና ጤና አዳም በረንዳ ላይ ተከልን። ከዝናቡ በተጨማሪ ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ ሲያጠጡት ሁለት የጎመን ችግኝ ቢጫ ሆኖ ሞተብን። የቀሩት ተርፈዋል። ጎመን ከሥር በኩል ውጪ ውጪውን ቅጠል እየቀጠፉ ሲወስዱለት መሐሉ እያደገ ስለሚሄድ፣ ትንሹ በየጠዋቱ የሚቀጠፍ መኖሩን ማየት ሥራዬ ብሎ ይዞታል።

ከዚያ ቡሄ መጣ፤ ማክሰኞ ነበር። እናቴ ዋዜማውን አቡክታ አሳደረች። ፍልሰታ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው የገባው። ሙልሙሉን ሁላችንም ድቡልቡል አደረግን። የልጄ ጠማማ ነበር፤ ማንም አልነካባትም። አመሻሹ ላይ ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥተው በራችን ላይ ሲጨፍሩ ያወጣችው የራሷን ነው። ከልጆቹ አንዱ እዚያው ገመጠው። እስኪውጠው ድረስ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም። ሲውጥ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

ጅራፍም ገመድኩላቸው። ቃጫውን ውኃ አስነክቼ፣ ከእጀታው ወፈር አድርጌ ጀምሬ ወደ ጫፉ እያቀጠንኩ። ከሃያ ዓመት በላይ አልነካሁትም፤ ጣቶቼ ግን አልረሱትም ነበር። አባቴ በቡሄ ሰሞን ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲገምድልን ብዙም አያወራም ነበር፤ ጫፉን በጥርሱ ይዞ ስለሚያጠብቅ እንዴት ያውራ። እኔም ጫፉን በጥርሴ ይዤ ራሴን አገኘሁት። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ሜዳ ሄጄ ሳጮኸው ትንሹ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፤ ወዲያው ደግሞ "ድገመው" አለኝ።

እናቴ ፍልሰታ ሲፈታ ወደ አገሯ ተመለሰች። መስከረም ላይ ለስፌት የሚሆን ስንደዶና አክርማ ልትልክልን፣ ወስፌ አያያዙንም ስትመጣ ልታሳየን ቃል ገብታለች።

አሁን እንቁጣጣሽ 12 ቀን ቀርቶታል። ልጄ ለጎረቤት የምታድለውን ስዕል ጀምራለች። ቀለሙን የምንሠራው ራሳችን ነን። ቢጫው በውኃ የተበጠበጠ እርድ ነው። ሮዙ የቀይ ሥር ውኃ፣ ጥቁሩ የተፈጨ ከሰል። ለአረንጓዴው የጎመን ቅጠል ወረቀቱ ላይ እናሻለን፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የማደርገው ከሜዳ በሚቀጠፍ ቅጠል ነበር። እርዱ ወረቀት ላይ ሲደርቅ እንደሚደምቅ፣ የቀይ ሥሩ ግን እየቆየ እንደሚደበዝዝ ደርሳበታለች። ስለዚህ ዘንድሮ አበቦቹ ሁሉ ቢጫ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ላሉት እማማ አንድ እስር ጎመን አድርሺ ብዬ ልኬያት ነበር። ቆይታ ተመለሰች። እማማ አምና የሰጠቻቸውን ስዕል ግድግዳቸው ላይ፣ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶግራፍ አጠገብ ለጥፈውት አየች። "አባዬ፣ የአምናው ፀሐይ ጨረሩ በአንድ ጎን ብቻ ነው" አለችኝ በጣም ተጨንቃ። "ግን አልጣሉትም።" ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለእሳቸው አዲስ ፀሐይ እየሠራች ነው። ሦስቱን ቀድዳ ጣለች፤ አራተኛው ላይ ነች። እኔ አልረዳኋትም፣ እርዳኝም አላለችኝም።

አሁን ስኒዋን ይዛ መጥታ ቢጫው አለቀ ብላኛለች። እርዱ ያለው ከላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከበርበሬው አጠገብ ነው። በርበሬው እዚያው ይቆይ። እርዱን ወደ እሷ መደርደሪያ ላወርደው ተነሥቻለሁ።