"ሕፃን ስለሆነ ነው ሚተኛው" ብዬ የዘጋሁት ስልክ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት መስራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ የሚመጣው በብዛት ውሻና ድመት ነው፣ ግን ዶክተሯ ተሳቢ እንስሳም ስለምታይ እንሽላሊትም እባብም ኤሊም አናጣም። ባለፈው ዊንተር ነው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ሰሞን፣ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ "ያንተ ሀገር ሰው መሰሉኝ" ብላ ስልኩን አቀበለችኝ።

እውነትም ሀበሻ አባት ናቸው። ለ9 ዓመት ልጃቸው ሱልካታ ከሚባለው የኤሊ ዝርያ ትንሽዬ ኤሊ ከሰው ገዝተውለት ኖሮ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው ሚውለው፣ ምግብም ብዙ አይነካም፣ ደህና ነው ትላለህ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ድሬዳዋ ግቢያችን ውስጥ ኤሊ ስለነበር የማውቅ መስሎኝ፣ ስልክም ተደራርቦብኝ ስለነበር፣ "ጋሼ አይጨነቁ፣ ሕፃን ስለሆነ ነው፣ ደግሞ ብርድ ነው፣ ኤሊ በብርድ ይተኛል" ብዬ ዘጋሁት። ስንት ዲግሪ ነው ያለው፣ ስንት ግራም ይመዝናል፣ አንዱንም አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ይዘውት መጡ። የጫማ ካርቶን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ልጁ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞት። አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው እግሮቹን እንኳን አልሰበሰበም፣ ደህና ኤሊ ሲነሳ ወይ ይሸሸጋል ወይ እየቀዘፈ ይታገላል፣ ይሄ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ዓይኑ ገባ ብሏል፣ የሆዱን ቅርፊት በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ጥፍር ጫፍ ሸብረክ አለ። ገና የተፈለፈለ ቢሆን ትንሽ መለጠጥ ያለ ነው፣ ይሄ ግን ስምንት ወሩ ነው። ሲገዛ 62 ግራም ነበር፣ ሚዛናችን ላይ 54 አለ። ማደግ ያለበት ሕፃን እየቀነሰ ነው ማለት ነው፣ እኔም "ተኝቶ ነው" ብያለሁ።

የቤቱን ፎቶ አሳዩን፣ አኳሪየሙ መስኮት ስር ነው፣ ቀይ አምፖል በርቶለታል፣ ቴርሞሜትሩ መስታወቱ ላይ ከላይ ተለጥፎ 27 ይላል። ዶክተሯ ግን ኤሊው ከላይ እንደማይኖር ነግራቸው ወለሉን እንዲለኩ አደረገች፣ ማታ ደውለው የነገሩን 20 ነበር፣ ሌሊት ሂተሩን ሲቀንሱት ደግሞ ከዛም ይወርዳል። የሱልካታ ሕፃን የሚሞቅበት ቦታ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ሌሊትም ከ26 ባይወርድ ነው ሚመረጠው። ከሴኔጋል እስከ ኤርትራና የኛው ሀገር ድረስ ባለው ደረቅ ሞቃት መሬት የሚኖር እንስሳ ነው እኮ፣ የብርድ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። ተኝቶ ሳይሆን ሰውነቱ ቀዝቅዞ መንቀሳቀስ አቅቶት ነው። ሲቀዘቅዝ ሆዱም አይፈጭም፣ ስለዚህ ምግብ ቢቀርብለት ምን ዋጋ አለው።

መስኮቱም አልጠቀመውም፣ ምክንያቱም ዩቪቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር በመስታወት አያልፍም፣ ቀዩ አምፖልም ሙቀት እንጂ ዩቪቢ የለውም። ያ ጨረር ከሌለ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 መሥራት አይችልም፣ እሱ ከሌለ ካልሲየም ቢበላም አጥንት ጋ አይደርስም፣ ራጁ ላይ አጥንቱ ሳስቶ የታየውም ለዛ ነው። (የዩቪቢ አምፖል ያላችሁም ብርሃኑ ስላለ አትመኑት፣ ብዙዎቹ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ጨረራቸው ይደክማል።)

ቀስ ብለን አሞቅነው፣ ከዛ ለብ ያለ ውሃ አገጩ ስር እስኪደርስ አድርገን 20 ደቂቃ ነከርነው። አንገቱን ዘርግቶ ሲጠጣ ልጁ ትንፋሹን ይዞ ነበር ሚያየው። ትንሽ ቆይቶ ከሽንቱ ጋ ነጭ፣ እንደ እርጥብ ጠመኔ የሚሻክር ነገር ወጣው፣ ኤሊ ውሃ ሲያጣ ነው እንዲህ የሚጠጥረው፣ ለስንት ጊዜ ውሃ ጠምቶት እንደነበር እዛ ላይ ገባኝ።

አባትየውን ኮሪደር ላይ "ጋሼ፣ ስልኩ ላይ ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና "ለሱ ንገረው" ብለው ወደ ልጁ ጠቆሙኝ። ነገርኩት። ከማናጀሯም ጋ ተነጋግረን አሁን ስለ ተሳቢ እንስሳ የሚደውል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን ሙቀት፣ የአምፖሉን ዓይነትና ዕድሜ፣ ክብደቱን ይጠየቃል፣ "ኖርማል ነው" የሚለውን ዶክተሯ ብቻ ናት ምትለው።

ልጁ ደብተር ይዟል። ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ከመደበቂያው እንደወጣ፣ አምፖሉ ስር ስንት ደቂቃ እግሩን ዘርግቶ እንደቆየ፣ የበለስ ቅጠል ስንት ጊዜ እንደነከሰ ይጽፋል፣ ሁሌ እሁድ ደግሞ ይመዝነዋል። ባለፈው እሁድ 59 ደርሷል። ቅርፊቱ ግን ገና ለስላሳ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ራጅ ይደገምለታል።