ፀጉር መቆረጥ የሚያስጨንቀው ልጅ

ለአንዳንድ ልጆች የሙቀጫ ድምፅ፣ የሹራብ አንገት ወይም የካልሲ ስፌት ሌላው ሰው ከሚሰማው እጅግ በርትቶ ይሰማቸዋል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ካልዘለሉ፣ ካልተሽከረከሩና ከግድግዳ ካልተላተሙ ሰውነታቸው አይረጋም። እኛ ዘንድ የፊተኞቹን «ነጭናጫ»፣ የኋለኞቹን «ቀዥቃዣ» ማለት የተለመደ ነው፤ እናትየዋም «አሞላቀሽው» መባሏ አይቀርም። የእኔ ልጅ ከፊተኞቹ ወገን ስለሆነ ይህ ፍርድ ምን ያህል ከእውነታው የራቀ እንደሆነ በየዕለቱ አያለሁ።

አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ጂን ኤርስ፣ አንጎል ከስሜት ህዋሳት የሚደርሰውን መረጃ እንዴት እንደሚያቀናጅ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ከምናውቃቸው አምስቱ የስሜት ህዋሳት ባሻገር ለሁለት ሌሎች ትልቅ ቦታ ሰጥተዋል፤ አንዱ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሆኖ ሚዛንንና እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው ሲሆን፣ ሌላው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ተነስቶ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ለአንጎል የሚያሳውቀው ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ዥዋዥዌ፣ ፍራሽና መወጣጫ የሚበዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ዥዋዥዌው በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ሲወዛወዝ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ ሲሽከረከር ግን ያነቃቃል፤ ስለዚህ ጨዋታ የሚመስለው ሁሉ ታስቦበት የሚደረግ ነው።

የልጄ ትልቁ ፈተና የፀጉር መቁረጫ ማሽን ነበር። ቴራፒስቷ በመጀመሪያ ያልበራውን ማሽን እንዲይዘውና እንዲያገላብጠው ሰጠችው። በሌላ ቀን ራቅ ብላ አበራችው፤ ከዚያም ፈቃዱን እየጠየቀች የማሽኑን ጀርባ በመዳፉ፣ ቀጥሎም በክንዱ ላይ አሳረፈችው። ጭንቅላቱን በማሽኑ ከመንካቷ በፊት በሁለት መዳፎቿ ጫን አድርጋ ትይዘው ነበር፤ እንዲህ ያለው ጠበቅ ያለ ንክኪ ለእርሱ ከስሱ ንክኪ ይልቅ ይቀለዋልና። «በቃ» ሲል ወዲያው ታቆም ነበር፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የጠቀመው ይህ ነው። እጅና እግሩን ይዞ በግድ የሚቆርጠው ሰው ፍርሃቱን ከማጽናት በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።

ቤት ውስጥ ለጡንቻ ሥራ የሚሰጡ ነገሮች ሞልተዋል፤ ሊጥ ማቡካት፣ በአቅሙ ልክ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት፣ ፊቱ ሳይሸፈን በጋቢ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል። የመጨረሻው መደረግ ያለበት ልጁ ከወደደውና በፈለገው ጊዜ መውጣት ከቻለ ብቻ ነው።

ወላጅ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የሕክምናው ውጤታማነት ማስረጃ ውስን መሆኑን ለወላጆች መንገር እንደሚገባ፣ የስሜት ህዋሳትን መረጃ የማቀናጀት ችግሩም ለብቻው የቆመ ሕመም ተደርጎ መመርመር እንደሌለበት አሳስቧል። እንዲህ ያለ ጠባይ በኦቲዝም ላይ በብዛት ይታያል፤ ይሁንና የሚታይበት ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ድምፅ የሚረብሸው ልጅ አስቀድሞ ጆሮው ይታይ። ሕክምናው ሲጀመርም «ሳያለቅስ ፀጉሩን ይቆረጥ» ወይም «ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት ይዋል» የሚል የሚታይና የሚለካ ግብ ከባለሙያው ጋር ይቀመጥ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለውጥ ካልታየ ዘዴው እንዲቀየር መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።