የሒሳብ «1» ውጤቴ እንዴት አንድ ዓመት አስከፈለኝ

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል እንግሊዝ ገብተው ሁለተኛ ደረጃን እዚያው የጨረሱ፣ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ መምህርነት ወይም ወደ ነርስነት ሥልጠና ለመግባት የዱሮ ወረቀታቸውን ከሻንጣ ሥር የሚፈልጉ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ ዓመት ባልከሰርኩ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን ስደርስ 12 ዓመቴ ነበር። ያኔ አንድ ተማሪ በ16 ዓመቱ የሚወስዳቸው ፈተናዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። በ1951 የተጀመረው ኦ ሌቭል ለጎበዞቹ የታሰበ ሲሆን፣ በ1965 የመጣው ሲኤስኢ ደግሞ ከእነሱ በታች ናቸው ለተባሉት ነበር። የኦ ሌቭል ውጤት በፊደል፣ የሲኤስኢ ውጤት ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ከቁጥሮቹም ትልቁ ውጤት 1 ነበር። በሲኤስኢ 1 ያገኘ ሰው በኦ ሌቭል ሲ እንዳገኘ ይቆጠር ነበር። በሒሳብ የሚቀድመኝ ተማሪ ባይኖርም፣ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበረ መምህራኑ ወላጆቼን ሳያማክሩ ከሲኤስኢ ተፈታኞች ጋር መደቡኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ1985 በሒሳብ 1 ባመጣሁ ጊዜ አባቴ ማብራሪያ አልፈለገም፤ «ልጄ አንደኛ ወጣች» እያለ ለሚያውቀው ሁሉ ደወለ፣ እናቴም ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። እኔም አላረምኳቸውም።

ሁለቱን ፈተናዎች የማዋሐዱን ውሳኔ የዚያን ጊዜው የትምህርት ሚኒስትር ሰር ኪት ጆሴፍ ያሳወቁት በ1984 ነበር፤ ጂሲኤስኢ የተባለው አዲሱ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ግን በ1988 በመሆኑ ለእኔ አልደረሰልኝም። እንግሊዝኛንና ባዮሎጂን በ1990 በማታ ኮሌጅ ተፈትኜ በሁለቱም ሲ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ልጅ አሳደግሁ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በረዳትነት ሠራሁ፣ በርቀት በሚያስተምረው በኦፕን ዩኒቨርሲቲም ቀስ በቀስ ዲግሪዬን ጨረስኩ።

በ2018 መጸው ለመምህርነት ሥልጠና አመለከትኩ። ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት ከዲግሪው ሌላ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ የጂሲኤስኢ 4 ወይም ሲ፣ አለዚያም አቻው ይጠየቃል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝ የጂሲኤስኢ ፊደሎች ከ9 እስከ 1 ባሉ ቁጥሮች መተካት ጀመሩ፤ በዚህ አቆጣጠር ትልቁ 9፣ የሁሉ ታች 1 ነው። ልጄ የመጀመሪያው ዙር ተፈታኝ ስለነበረች የውጤት ወረቀቷ ላይ እንግሊዝኛና ሒሳብ በቁጥር፣ ሌላው በፊደል ተጽፎ አይቻለሁ። ስለዚህ ቁጥሩ መገልበጡን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ በራሴ የምናደደውም ለዚህ ነው።

የማመልከቻው ቅጽ ውጤቱን በሰርተፍኬቱ ላይ እንዳለ ጻፉ ይል ነበር። እኔም ታዝዤ «ሲኤስኢ፣ ሒሳብ፣ 1፣ 1985» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሒሳብ መስፈርቱን አላሟሉም የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በምሳ ሰዓት፣ የልጆቹ ቀለም ከእጄ ሳይለቅ፣ ወደ ቅበላ ክፍሉ ደወልኩ። ያነሳው ወጣት እጅግ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ።

«እኛ የምንፈልገው 4 ነው፤ የእርስዎ 1 ነው» አለኝ።

«ያኔ ትልቁ 1 ነበር» አልኩት።

የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ። «እዚህ የሚያሳየኝ 1 ዝቅተኛው መሆኑን ነው።»

«በ1985 እኮ ጂሲኤስኢ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«እንግዲያው ጂሲኤስኢ አልወሰዱም ማለት ነው» ብሎ፣ ፈተናውን ብወስድ ጥሩ መሆኑን መከረኝ።

አቻነቱን የሚያውቅ ኃላፊ አገናኘኝ ማለት ነበረብኝ። የእምቢታውን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። ቢሮ ፊት አንገት መድፋት ከልጅነት የለመድነው ነገር ነውና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ክፍልፋይና አልጀብራ ስከልስ ከረምኩ፤ የፈተናውን ገንዘብ ከኪሴ ከፍዬ በ2019 ግንቦትና ሰኔ ከ16 ዓመት ልጆች መካከል በግል ተፈታኝነት ተቀመጥኩ። ፈተናው ሦስት ወረቀት ነበረው፣ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ተኩል፤ በመጀመሪያው ካልኩሌተር አይፈቀድም። የመረጥኩት ቀለል ያለውን፣ ፋውንዴሽን የሚባለውን ደረጃ ሲሆን በእሱ ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ውጤት 5 ነው፤ 5 አገኘሁ።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ ተቋም አመለከትኩ። ሰነዶቼን የተቀበሉኝ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ሁለቱን የሒሳብ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ይሄኛውን ለምን ተፈተኑ? የሲኤስኢው 1 ይበቃዎት ነበር፤ እኔም የዚያ ዘመን ተፈታኝ ነኝ» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ስለዚህ ቅጹ ምንም ቢል፣ ከቁጥሩ አጠገብ «የሲኤስኢ ከፍተኛው ውጤት፣ ከኦ ሌቭል ሲ ጋር እኩል» ብላችሁ ጻፉ። በስልክ አትከራከሩ፣ በኢሜይል አድርጉት። እምቢታውን ከአንድ ሠራተኛ ብቻ ሰምታችሁ ለፈተና አትመዝገቡ። ውጤታችሁ 2 ከሆነ ግን ክርክሩ አያዋጣም፣ ተፈተኑ። ሰርተፍኬቱ ከጠፋባችሁ የዱሮዎቹ የፈተና ቦርዶች ተዋሕደዋልና መዝገባችሁን የወረሰው የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ የውጤት ማረጋገጫ ነው እንጂ አዲስ ሰርተፍኬት አይደለም። ስማችሁንም የዱሮ ትምህርት ቤታችሁ እንደጻፈው፣ ከነስሕተቱ፣ ስጧቸው።

አዲሱን ውጤት ይዤ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተና «ያኔ አንደኛ ነበርሽ» አለኝ፤ «አሁን እንዴት አምስተኛ ወጣሽ?»