ደክሞኛል አይባልም

ከሰዓት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎ ዳገት ጉም በጉም ነበር። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ሙቀቱን ታች ትተነው መጥተናል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተኝተዋል። የተለመደው በሽታዬ ተነሳብኝ። ደረታቸውን እያየሁ ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመርኩ።

ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት አባዛሁት። 16። ደህና ናቸው። ከ12 እስከ 20 ከሆነ ምንም አይልም። ግን ኩርባው ላይ ስንገላታ ቆጠራው ተምታታብኝና እንደገና ጀመርኩ። ነቅተው ቢያዩኝ ምን እንደምል እንጃ። "አባባ፣ በሕይወት መኖርዎን እያረጋገጥኩ ነው" አይባል ነገር።

ቤትም እንዲሁ ነው። እማ ስትተኛ በሯ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንድ ሌሊት ያዘችኝ። "ምን ሆነሽ ነው ቆመሽ የምታዪኝ?" አለች። ውሃ ልጠጣ ነው አልኳት።

ይሄ አመል የኮሮናው ጊዜ ነው። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ሰው አገራችን ውስጥ ሲገኝ ነርስ ሆኜ የምሠራበት ዋርድ ወሬው ሁሉ ስለ ጓንትና ማስክ ነበር። የበሽታው ተንኮል የገባን በኋላ ነው። የደሙ ኦክስጅን ወደ 70 ምናምን በመቶ የወረደ ሰው ቁጭ ብሎ በስልክ ያወራል። "ደህና ነኝ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ" ይላል ለልጆቹ። ጣቱ ላይ የሰካነው መሣሪያ ሌላ ይላል። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነኝ" የሚል ሰው አላምንም። ዝም ብሎ የተኛውንማ ጭራሽ!

"ኮሮና እኮ ድሮ አለቀ" ይሉኛል። ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ሚያዝያ 2015 ላይ አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ብሏል። ለእኔ ደረት ግን ደብዳቤው አልደረሰም። ደግሞ በ2014 ከተማችን ላይ የመጣውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን ዛሬ አላነሳም።

ስሙን ምን ልበለው? ባለፈው ሥልጠና ሊሰጠን የመጣ ሰው "የሥራ መሰላቸት" አለው። እኔ መች ሰለቸኝ? ቢሰለቸኝማ ትቼው እገላገል ነበር። ቀላሉ ቃል "ደከመኝ" ነው። እሱ ደግሞ እኛ ጋ ሌላ ትርጉም አለው። አስታማሚ እየሮጠ መጥቶ "ሲስተር፣ ደከመብን" ካለ በቃ፣ የያዝሽውን ጥለሽ ትሮጫለሽ። እሁድ እማን "ደክሞኛል" ስላት ፊቷ ልውጥ አለ። ሲኒውን አስቀምጣ ግንባሬን ዳሰሰች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ዱአ አደረጉልኝ። አሚን አልኩ። በየተራ "አብሽሪ" አሉኝ።

ይቺን ቃል እኔ በአንድ ናይት ስንት ጊዜ እላታለሁ! የደም ሥር ጠፍቶኝ ሦስተኛ ስወጋ፣ አብሽር። መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ይገዛ ሲባል፣ አብሽሪ። አሁን አሁን አፌ ብቻውን ነው የሚላት። ባለፈው 7 ቁጥር አልጋን "አብሽር" ብዬ ካለፍኩ በኋላ ስሙ ማን እንደነበር ጠፋኝ። ድሮ ስሙን ተዉት፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ የትኛዋ ልጁ እንዳኮረፈችው አውቅ ነበር። ከድካሙ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ለማንኛውም ማስተርሷን የምትሠራ ልጅ ስለዚሁ ስለ ድካማችን መጠይቅ አድላን ነበር። 22 ጥያቄ። "በፍጹም" ከሆነ 0፣ "በየቀኑ" ከሆነ 6። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጀመርኩት። አምስቱን አንብቤ መለስኩ። ከዚያ ዓይኔ እየተከደነ ዝም ብዬ 3፣ 3፣ 3 እያልኩ ወረድኩ። ስምንት ሲቀረኝ ለነገ ብዬ አጥፌ ጋውን ኪስ ከተትኩት።

ዛሬ ቤት ገብቼ ጋውኑን ሳጥብ ወጣ። ሊጥ ሆኗል።

ማምሻውን ልጅቷ ደወለች። "ሲስተር፣ ሞላሽልኝ?"

"አብሽሪ" አልኳት።