ዳሽቦርዱ ሲጨልም መጀመሪያ ከኋላ እዩ

«የዳሽቦርዴ መብራት አይሠራም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ መሪው አልሄድም። መብራቱን አስበራና ወደ መኪናው ጀርባ እዞራለሁ። ረዳቶቼ ለምደውታል። አዲስ ደንበኛ ግን ግራ ይገባዋል። «ወንድሜ፣ የጠፋው እኮ ፊት ለፊት ነው» ይለኛል።

ለምን እንደዚያ እንደማደርግ አንድ ኮሮላ ይዞ በመጣው ጣጣ ልንገራችሁ። መኪናው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ዘመዶቻቸው ደብረ ሲና ስለሆኑ ለለቅሶም ለሠርግም ይመላለሳሉ።

«ልጄ፣ መንገዱን አያለሁ፤ የፊት መብራቱ ደህና ነው» አሉኝ። «ማየት ያቃተኝ ፍጥነቴንና ነዳጄን ነው። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ነው የማየው።»

ከእኔ በፊት ሌላ ጋራዥ አሳይተውታል። እዚያ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ አምፖሎቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚያቋርጠው ፊውዝም ተቀየረ። ጥቂት ቀን በራና እንደገና ድርግም አለ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ መንገድ ላይ ያገኙት ሰው «ፊውዙ አንሶበት ነው» ብሎ ትልቅ ፊውዝ ከተተላቸው። እሱም አልቆየም።

መብራት አስበራሁና ወደ ኋላ ዞርኩ። ሁለቱም የኋላ መብራቶች ጠፍተዋል። የታርጋውም የለም። ከፊት ያሉት ትንንሾቹ የፓርኪንግ መብራቶችም እንደዚያው። «ጋሼ፣ እስቲ ፍሬን ይርገጡልኝ» አልኳቸው። የፍሬኑ መብራት ቦግ አለ። ከዚያ ከመኪናው አስወርጄ ከኋላ አቆምኳቸውና ሞተሩን አስነሥቼ የፊት መብራቱን አበራሁት። ፊቱ ብርሃን ነው፤ ኋላው ጨለማ።

ዝም ብለው አዩት። «በዚህ ነው ጣርማ በርን ያለፍኩት?» አሉ።

አዎ፣ በዚያ ነው። ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ የሚታለፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ የኮፈኑን ጫፍ እንኳ ማየት ያስቸግራል። ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ እሳቸውን ሊያያቸው የሚችለው ፍሬን በያዙ ሰዓት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ሆነው የሚታያቸው የጨለመ ዳሽቦርድና የበራ መንገድ ነው። ይህ ብልሽት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ለሹፌሩ ትንሽ ችግር መስሎ ይታየዋል፤ አደጋው ያለው እሱ በማያየው በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ የዳሽቦርዱ የማታ መብራት፣ የኋላ መብራቱ፣ የታርጋውና የፊት ፓርኪንጉ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ፊውዝ ነው። ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ቴይል» የሚል ተጽፎበታል። ትልቁ የፊት መብራት ግን የራሱ ፊውዝ አለው፤ የፍሬን መብራትም የራሱ አለው። ስለዚህ የቴይል ፊውዝ ሲቃጠል መንገዱ እንደበራ ይቀጥላል፣ ፍሬንም ይሠራል። ለሹፌሩ የቀረለት ምልክት የዳሽቦርዱ መጨለም ብቻ ነው።

ከኋላ ዞሬ ሳይ መብራቱ ቢበራ ኖሮ መንገዴ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ ፊውዙ ደህና ነው ማለት ነው፤ ቀጥዬ የምነካው የዳሽቦርዱን ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ዲመር ነው። ከላቫጆ የወጣ መኪና «ዳሽቦርዱ ሞተ» ተብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የሚያጸዳው ልጅ በጨርቅ ሲወለውል አዙሮት ዜሮ ላይ ያቆመዋል። ሁለት ጣት ይበቃዋል፤ ዳሽቦርድ መፍታት አያስፈልግም።

የጋሼ መኪና ግን ፊውዝ ነው። ሳጥኑን ከፈትኩት። በቦታው 15 አምፔር ሰማያዊ ፊውዝ መኖር ነበረበት። የተቀመጠው አረንጓዴ ነው፤ 30 አምፔር። እሱም ተቃጥሏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው በዚህ ነውና። በዚያ ፊውዝ ላይ ያሉትን አምፖሎች ደምሯቸው። የኋላና የፊት ፓርኪንግ አራት አምፖል፣ እያንዳንዳቸው 5 ዋት። የታርጋው ሁለት፣ እነሱም 5 ዋት። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ከዚያ ያነሱ ናቸው። ሁሉም አንድ ላይ ቢበሩ 4 አምፔር አካባቢ ነው የሚወስዱት። 15 አምፔር ፊውዝ ይህን በቀላሉ ይሸከማል። ከተቃጠለ «አንሶት» አይደለም፤ የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው ቦዲ ጋር ኮንታክት እያደረገ ነው። ትልቅ ፊውዝ ሲከቱበት ኮንታክቱ አይጠፋም። ፊውዙ እስኪቃጠል ድረስ ሽቦው ራሱ ይግላል። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መክተትማ መኪናውን ለእሳት መስጠት ነው። እንደዚያ ተደርጎ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ ቀልጦ አንድ ላይ የተጣበቀ መኪና አይቻለሁ።

ኮንታክቱን መፈለግ ነው ሥራው። ፊውዝ እየከተቱ «አሁንስ?» እያሉ መሞከር ፊውዝ መጨረስ ነው። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። የፊት መብራት አሮጌ አምፖል፣ 55 ዋት የሆነውን፣ ሁለት ሽቦ አስረንለት ጋራዥ ውስጥ አለ። የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥቼ ሁለቱን ሽቦዎች በፊውዙ ቦታ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ የፓርኪንግ መብራቱን አበራለሁ። ኮንታክት ካለ አምፖሉ በሙሉ ጉልበቱ ይበራል። ሽቦው ግን አይጎዳም፤ አምፖሉ ራሱ ከ5 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ኮንታክቱ የለቀቀ ጊዜ ደግሞ አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፤ የመኪናው መብራቶችም በደካማው ይበራሉ። እንግዲህ ዓይንን አምፖሉ ላይ አድርጎ ሽቦውን ቦታ በቦታ መነቅነቅ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴፑን ነው። አሮጌ መኪና ላይ ቴፕ የገጠመ ሰው ሁሉ የቴፑን መብራት ከዚሁ መስመር ነው የሚጠልፈው። በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ ይተወዋል፤ ፕላስተሩ በሙቀት ሙጫው ይለቅና ሽቦው ይራቆታል። ቴፑን ስበን አወጣነው። የጋሼ ቴፕ በደንብ የተሠራ ነው። አምፖሉም ቦግ እንዳለ ነው።

ረዳቴን ወደ ኋላ ላክሁት። «ኮፈኑን ክፈተው» አልኩት። የኋላውን ኮፈን ብድግ ሲያደርገው አምፖሉ ፈዘዘ። «ዝጋው።» ቦግ። «ክፈተው።» ፈዘዘ። ጋሼም አዩት። «አሃ! እዚያ ነው እንዴ?» አሉ።

እዚያ ነው። ወደ ታርጋው መብራት የሚሄደው ሽቦ በኮፈኑ ማጠፊያ ላይ ነው የሚያልፈው። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ከጊዜ ብዛት ፕላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል። የሽቦ ጥቅሉን ስንፈታው አንዱ ሽቦ ላይ የጥፍር ስፋት ያህል ራቁቱን የወጣ መዳብ አገኘን። ልክ በእሱ አንጻር፣ የማጠፊያው ብረት ላይ፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ጥቁር ነጥብ ሠርቷል። በ30 አምፔሩ ጊዜ የጋለው ሽቦ ፕላስቲኩ ለስልሶ ከጎኑ ካለው ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም። በነገራችን ላይ ጋሼ ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ ኮፈኑን ሞልተው ነው የሚጭኑት። በተጫነ ቁጥር ሽቦው የበለጠ ይጨመቃል።

የተጎዳውን ቆርጠን አወጣን። በዚያው ውፍረት ያለው ሽቦ ትንሽ አስረዝመን ቀጠልን፤ ሲታጠፍ እንዳይወጠር። መገጣጠሚያውን በየድን፣ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ አለበስነው፣ በማለፊያው ቀዳዳ ላይ አዲስ ጎሚኒ ገጠምንለት። ከዚያ ሰማያዊውን 15 አምፔር ከተትኩ። ዳሽቦርዱ በራ፣ ኋላውም በራ። አንድም የዳሽቦርድ አምፖል አልቀየርንም።

ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ገብተው ሒሳብ ሊሰጡኝ ሲሉ አስቆምኳቸው። «አንድ ነገር ቀርቶናል። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ ያድርጉልኝ።»

ይህን ሳላይ የዳሽቦርድ ሥራ አላስረክብም። ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ሞተሩ ሳይነሣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ መብራት አለባቸው፦ የባትሪው፣ የቼክ ኢንጂኑ፣ የዘይቱ፣ የእጅ ፍሬኑም ከተያዘ እሱ። መኪናው «እኔ ደህና ነኝ፣ ችግር ሲመጣ እነግርሃለሁ» የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። የጋሼ ላይ የባትሪው በራ፣ ቼክ ኢንጂኑ በራ። የዘይቱ አልበራም።

«እሱ በርቶብኝ አያውቅም፤ ሞተሬ ጤነኛ ስለሆነ ነው» አሉኝ።

ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚህ ነው። የማይበራ ቀይ መብራት ሰላም ይመስላል። ነገር ግን ቁልፉ ኦን ሲሆን ያልበራ መብራት የዘይት ግፊት ሲጠፋም አይበራም። ሞተር ያለ ዘይት ግፊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጎን ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የገባበት የዘይት ግፊት ስዊች አለ። ሽቦውን ነቅሎ፣ ቁልፉን ኦን አድርጎ፣ የሽቦውን ጫፍ የሞተሩን ብረት ማስነካት ነው። መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልበራ ከሽቦው ወደ ላይ ነው፤ አምፖሉ ወይም አምፖሉ የሚቀመጥበት ቦታ። የጋሼ አልበራም።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን ዳሽቦርዱን አወጣነው። የእነዚህ መኪናዎች ዳሽቦርድ ጀርባው ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ፕላስቲኩ ላይ የመዳብ መስመሮች ተስለዋል። አምፖሉ ከነመያዣው ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ጆሮዎቹ መዳቡን ይጫኑታል፣ ኤሌክትሪክም ያገኛል። የዘይቱ አምፖል ደህና ነው። መያዣው ግን እስከ መጨረሻው አልዞረም፤ አንዱ ጆሮ አየር ላይ ነው። ያረፈበት መዳብም ጠቁሯል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጌ ፈገፈግኩት፣ መዳቡ ቀላ። ጆሮዎቹን በካቻቪቴ ጫፍ ትንሽ ቀና አድርጌ መልሼ አዞርኩት። ቁልፉ ኦን ሲሆን ቀዩ ቦግ አለ። ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ጠፋ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘን ስናይ ዘይቱ ዝቅተኛው ምልክት ላይ ደርሶ ስለነበር ሞላንላቸው።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ነው የምንገዛዛው። ችግሩን ከመሥራት ይልቅ የቼክ ኢንጂኑን አምፖል ነቅሎ የሚሸጥ ሰው አለ። ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ቁልፉን ኦን ላይ አቁማችሁ እያንዳንዱን መብራት እዩ። ሻጩ «ሞተሩ ሞቆ ይጠብቃችሁ» ብሎ አስነሥቶ ከጠበቃችሁ፣ አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩት።

ጋሼን ሊወስዳቸው የመጣው ልጃቸው ደግሞ ከሶማሌ ተራ የገዛቸውን ሰማያዊ ኤልኢዲዎች ይዞ ነበር። «ዳሽቦርዱ አሁን ከተከፈተ አይቀር እነዚህን ግጠምልን» አለኝ። ለጌጆቹ፣ ማለት ፍጥነትና ነዳጅ ለሚያሳዩት፣ መብራት ችግር የለውም አልኩት፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሚለይ አልበራ ያለውን አዙሮ መክተት ብቻ ነው። ቀዮቹን ግን ተዋቸው አልኩት፤ በተለይ የባትሪውን። በአንዳንድ አሮጌ መኪና ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያች አምፖል አልፎ በሚደርሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ዲናሞው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የድሮዋ ቮልስ ላይማ ያች ቀይ መብራት ከባትሪም በላይ ናት። ዲናሞውንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የሚነግራችሁ ያ መብራት ነው፤ ቶሎ ካልቆማችሁ ሞተሩ ይቃጠላል።

ልጁ ገባው። ሰማያዊዎቹን ለጌጆቹ ገጠምንለት፣ ቀዮቹ ቦታ ላይ የድሮዎቹ አምፖሎች ቀሩ። ትርፍ ሁለት 15 አምፔር ፊውዝም ለመንገድ ሰጠኋቸው። አንዱ ከተቃጠለ ሌላውን ከትተው ጋራዥ እንዲደርሱ እንጂ ትልቅ እንዳይፈልጉ ነገርኳቸው።